የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

«ዋስ» የምንለው ቃል ከግዕዙ «ዋሕስ» ጋር አንድ ነው። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ለብዙዎቻችን የሚታየን ወረቀት፣ ማኅተምና ፊርማ ነው። ለአያቶቻችን ግን ዋስ ሰው ነበረ። ተሟጋች በዳኛ ፊት ቆሞ «ዋስ ጥራ!» ሲባል፣ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ስሙንና ፊቱን አገር የሚያውቀው አንድ ሰው ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ» ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የዚያ ሰው ከብት፣ እህልና ክብር ለሌላው ሰው ቃል መያዣ ይሆናል። ባለዕዳና ባለገንዘብ ኩታቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ይሄዱበት በነበረው ዘመን፣ ያንን ቋጠሮ ለማስፈታት የሚበቃው እንዲህ ያለው ዋስ ነበር። ስለዚህ ዋስትና በጥንቱ ትርጉሙ ሊያዩት የሚችሉት፣ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠሩት የአንድ ሰው ፊት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ፒስተን ልጽፍ ብዬ ነው። አንባቢ ፈገግ ቢል አልቀየምም። ግጥምና ወግ የለመደ ዓይን ዘይትና ጥላሸት ሲያይ መሸሹ ያለ ነው። ነገር ግን የቃል ነገር የሚገደው ሰው፣ ቃል ከነማኅተሙ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማየት ከመለዋወጫ ሱቅ የተሻለ ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም።

አጎቴ የሚኖረው ሬኮ ነው። ከዲላ ተነስተው ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ካለፉ በኋላ ወደ ኮቸሬ ሲዘልቁ የሚያገኙት የቡና አገር ነው። የጌዴኦ ገበሬ ጫካና እርሻ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አያውቅም፤ ለእሱ ሁለቱ አንድ ናቸው። በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና ተቃቅፈው ያድጋሉ፤ ቁልቁለቱ ምንም ያህል ቢያስፈራ አፈሩ አይሸሽም። ይህ ጥበብ ከብዙ ዘመን በኋላ የውጭውን ዓለም ዓይን ገዝቶ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ ለምለም ጥላ ውስጥ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባሉት ምሽቶች፣ ከወፎችና ከጅብ ድምፅ ጋር የሚሰማ ሌላ ድምፅ አለ። የሞተር ድምፅ ነው።

ቡና የማይጠብቅ ነገር ነው። ቀን የተለቀመው ቀይ እሸት ማታ ወደ መፈልፈያው ይደርሳል፤ በዚያው ሌሊትም ልጣጩ መገፈፍ አለበት። ከተገፈፈ በኋላ በገንዳ ውስጥ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ታጥቦ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይሞቃል። መጀመሪያዋ ሌሊት ከተበላሸች ግን የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ተከምሮ ያደረ እሸት ከውስጡ ይግላል፣ ይቦካል፣ ይሸትታል። ቡና ቀማሾች እንደሚሉት አንዲት የገማች ፍሬ የሙሉ ስኒ ጣዕም ታበላሻለች። የይርጋ ጨፌ ቡና በዓለም ገበያ የሚጠራበት የአበባ መዓዛ፣ በዚያች ሌሊት አንድ ሞተር መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ይጠብቃል ማለት ነው።

አጎቴ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የገዛት አነስተኛ መፈልፈያ አለችው። የምታዞራት ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የሊስተር ዘር ናት። ይህ ስም በገጠር ወፍጮ ቤት ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 በእንግሊዝ አገር በደርስሌ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ያወጣው ዘገምተኛ የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ እየዞረ ስድስት የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። እንግሊዞቹ ማምረታቸውን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያቆሙ ሞተሩ ግን አልሞተም። በሕንድ አገር በራጅኮት ከተማ ያሉ ሠሪዎች ቀድሞውኑ ግልባጩን በየራሳቸው ስም ያመርቱት ነበርና የሞተሩ ዕድሜ ከአባቱ ዕድሜ በለጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ግልባጭ ሁሉ ሌባ አይደለም። የራሱን ስም በግልጽ ጽፎ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚል ግልባጭ ከትርጉም መጽሐፍ ጋር ይመሳሰላል። ተርጓሚው ስሙን ሽፋኑ ላይ ያኖራል፤ ጥሩ ከሆነ ይመሰገናል፣ ካልሆነ ይወቀሳል። አገራችን በእንዲህ ዓይነቱ ግልባጭ ነው የምትንቀሳቀሰው። ኦርጅናል ዕቃ ብቻ እንጠቀም ብንል ግማሹ አውቶቡስና ግማሹ ወፍጮ ነገ ይቆማል። ወንጀሉ ያለው ሌላ ዘንድ ነው፤ የሌላውን ስም በካርቶኑ ላይ አትሞ የራሱን ደካማ ብረት በሚሸጠው ዘንድ። የጋራዥ ሰው ይህን «ፎርጅድ» ይለዋል። እኛ በመጻሕፍት ዓለም የምናውቀው የሌላ ሰው ድርሰት በራሱ ስም የሚያሳትም ሌባ ነው፤ ይኼኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ የራሱን እንቶ ፈንቶ በታላቅ ደራሲ ስም ያሳትማል።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ አጎቴ ለሞተሯ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ገዛላት። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑ በወገቡ የሚታጠቃቸውን የብረት ቀለበቶች ነው። ቃሉ ለቁስል ከምንጠመጥመው ፋሻ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ አማርኛ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ጎሚስታ… ጣልያን አገራችንን ከያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበሩት ዓመታት የተረፈውና ማንም ሳይቀየም ተቀብሎ የሚኖረው ምርኮ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ዕቃው የተገዛው ከሩቅ ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ካርቶኑ ያምራል፤ የታወቀ ድርጅት ስም አለበት። ከካርቶኑ ጋር «የስድስት ወር ዋስትና» የሚል ማኅተም ያረፈበት ካርድ ተሰጠው። አጎቴ ያንን ካርድ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ሞተሯ አሥራ አንድ ቀን ሠራች። በአሥራ አንደኛው ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰማያዊ ጭስ ስትተፋ ቆይታ፣ አንድ ጊዜ አጓርታ ቆመች። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። በዚያች ሌሊት የአሥራ አራት ቤተሰብ እሸት በመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ነበር። ከፊሉ በጀርባና በአህያ ወደ ሌላ ጣቢያ ተወሰደ፤ ያ ጣቢያ ግን በራሱ ወረፋ ተጨናንቆ ነበርና ጥቂቱን ብቻ ተቀበለ። የቀረው ሌሊቱን ተከምሮ አድሮ ጠዋት በአልጋ ላይ ተበተነ፤ ታጥቦ በደኅና ዋጋ ሊሸጥ የነበረው ቡና ግማሹ ጥሩ ያልሆነ ጀንፈል፣ ግማሹ የሚጣል ሆነ። እኔ በማግሥቱ ከዲላ ስደርስ ሴቶቹ ከአልጋው ጎን ቆመው የገማውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅሙ ነበር። ማንም አልጮኸም። ዝምታው ነው የከበደኝ።

የሬኮን ሞተሮች የሚጠግነውን ሰው መንደሩ «ኢንጂነር» ብሎ ይጠራዋል። ዲግሪ የለውም፤ ጆሮ ግን አለው። ሞተሯን ፈትቶ ፒስተኑን ሲያወጣ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፋሻ ሥራው ሁለት ነው፤ ከላይ የሚፈነዳው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ያግዳል፣ ከታች ያለው ዘይት ወደ ላይ ገብቶ እንዳይቃጠል ይጠርጋል። ይህን የሚያደርገው በራሱ መለጠጥ ነው፤ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ክፍት ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ሊሰፋ ይታገላል፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ተጭኖ የሚይዘውም በዚህ ትግል ነው። ኢንጂነሩ የቀድሞውን ያረጀ ፋሻ በጣቶቹ ጨብጦ ለቀቀው፤ ወዲያው ተመልሶ ተዘረጋ። አዲሱን ጨብጦ ለቀቀው፤ እንደተጨበጠ ቀረ። ከዚያ ሁለቱንም በየተራ በመፍቻ ነካ ነካ አደረጋቸው። አሮጌው እንደ ቃጭል ጮኸ፤ አዲሱ እንደ እንጨት ደነቆረ።

«ይኼ ብረት አይደለም፤» አለኝ፣ «ብረት መስሎ የመጣ ነገር ነው።»

ቀጥሎ ካርቶኑን አንሥቶ ወደ ብርሃን አቀረበው። በታወቀው ድርጅት ስም ውስጥ አንዲት ፊደል ተዛብታለች፤ ከጎኑ ባለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይም ሁለት ቃላት ተበላሽተዋል። እንግሊዝኛ አይናገርም፤ የእነዚያን ቃላት መልክ ግን ከሃያ ዓመት ካርቶን ያውቀዋል። የብራና ሊቃውንት የአንድን ጸሐፊ እጅ በፊደሉ አጣጣል እንደሚለዩ ሁሉ እሱም ሐሰተኛውን በፊደል ግድፈት ያዘው። ያን ጊዜ ያሰብኩት፣ ማንበብ የሚባለው ነገር እኛ ከምናስበው በላይ ሰፊ መሆኑን ነው።

አጎቴና እኔ ፒስተኑን፣ ፋሻውን፣ ካርቶኑንና ያንን ካርድ ይዘን ወደ ሱቁ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነበር። ዕቃውን አገላብጦ አየና ዓይኑን ሰበረ። «አባቴ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ባለቤቱ ይምጡ» አለ። ባለቤቱ መጡ። ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ፣ አገር ምድሩ የሚያውቀው ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።»

በመጀመሪያ የገጠመው ባለሙያ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ሠራተኛ አይደለም አሉ። ቀጥሎ ዘይቱ ነው ያበላሸው አሉ። አጎቴ የዘይቱን ቆርቆሮ ስም ነገራቸው፤ ከራሳቸው ሱቅ የተገዛ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«አባቴ፣ ዋስትናው የሚሠራው ዕቃው ካልተገጠመ ነው።»

አጎቴ ለአፍታ ዝም ብሎ ቆየ። «ጌታዬ፣ ካልተገጠመማ ምን ያበላሸዋል?» አለ።

ወጣቱ ሠራተኛ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ባለቤቱ ግን አልሳቁም። ዕቃውን አስመጪው ሊያየው ይገባል፣ ትታችሁት ሂዱ፣ እንደውላለን አሉ። አልደወሉም። እኛ ስንደውል አስመጪው ውጭ አገር ነው ተባልን፤ ሌላ ጊዜ ስንደውል ደግሞ ስልኩ አይነሳም። ያ የስድስት ወር ዋስትና እስከ ዛሬ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አጎቴ ሣጥን ውስጥ አለ።

ሕግ የለም ወይ? ሕግማ አለ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በቁጥር 2287 ላይ፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ሻጩ ካርድ ሰጠም አልሰጠም፣ ማኅተም መታም አልመታም፣ ይህ ግዴታ ከሽያጩ ጋር ይወለዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጠው። ነገር ግን ያው አዋጅ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። የመፈልፈያ ፒስተን ደግሞ የቤተሰብ ፍጆታ ነው ብሎ መከራከር ቀላል አይሆንም። ስለዚህ አጎቴ ስኳር ቢገዛ ሸማች ነው፤ የልጆቹን እንጀራ የሚያበስልበትን ሞተር ሲጠግን ግን ነጋዴ ይሆንና ወደ ፍትሐ ብሔሩ ክርክር ይላካል።

ክርክሩ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ደረሰኝ? በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ዋጋ አጎቴ ከከፈለው ከግማሽ በታች ነበር፤ ይህን ልማድ ዕቃ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ብረቱ ሐሰተኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ? አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ቤተ ሙከራ መፈለግ ነው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአውቶቡሱን፣ የአልጋውንና የጠበቃውን ወጪ ደምረን ስናየው ከፒስተኑ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። ሐሰተኛ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚተማመነው በዚህ ሒሳብ ነው፤ ሕጉ ባይጠፋም መንገዱ ሩቅ መሆኑን ያውቃል። ደግሞስ ቢፈረድልን የሚመለሰው የፒስተን ዋጋ ነው፤ የዚያች ሌሊት ቡና በየትኛው ደረሰኝ ላይ ተጽፏል?

ነገሩ ከዚህ በኋላ እንዳይከፋ እሰጋለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ረክሷል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። እውነተኛው ዕቃ በተወደደ ቁጥር ሐሰተኛው ገበያ ያገኛል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የክልከላውን ጥቅምና ጉዳት ለሚያውቁት እተዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። በአገሩ ውስጥ ያሉት ያረጁ ሞተሮች ከቀድሞው ረዘም ላለ ዘመን መኖር አለባቸው፤ ለመኖር ደግሞ መለዋወጫ ይፈልጋሉ። ያረጀ ሞተር የሚኖረው በፋሻና በጓርኒሲዮን ነው፤ ታማሚ ሰው በመድኃኒት እንደሚኖር። የመድኃኒት ሐሰተኛ ሲገኝ አገር ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ሸራ ሐሰተኛ ሆኖ ቁልቁለት ላይ ስንት ሰው ይዞ እንደሚሄድ ግን የሚነገረን «በፍሬን ብልሽት» በሚል አንድ ሐረግ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። ያን ቀን ከሱቁ ስንወጣ እኔ ተናድጄ ስለ ክስ ሳወራ አጎቴ ስለ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ሞተሯ በቆመችበት ሌሊት፣ እሸታቸው የተበላሸባቸው አሥራ አራቱ ቤተሰቦች ደጃፉ ላይ ቆመው ሳለ፣ አንድ ነገር ተናግሮ ነበርና። «እሸታችሁን ተቀብያለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» ብሏቸዋል። የጻፈው ሰው የለም። ምስክር የቆጠረ የለም። ከሁለቱ ሸሪኮቹ አንዱ «ጥፋቱ የሱቁ ነው፤ ለምን እንከፍላለን?» ብሎ ተከራክሮት ነበር፤ ክርክሩም ከንቱ አልነበረም። የአጎቴ መልስ አጭር ነበር፦ «እነሱ ሱቁን አያውቁትም፤ የሚያውቁት እኔን ነው።»

ያቺን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰው በቀጣዩ ዓመት ነው። አንዲት ጊደር ሸጧል። የትልቋ ልጁ የኮሌጅ መግቢያ በአንድ ዓመት ተላልፏል። እሷ ነገሩን በጸጋ ተቀብላ መፈልፈያው ላይ ሒሳብ ትይዝ ነበር፤ እኔ ግን እስካሁን አልተቀበልኩትም። ደግነት ሲወራ ደስ ይላል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ቃሉን የሚያከብረው ወገን ነው። በማኅተም የታተመው ዋስትና ሲታጠፍ፣ ያልተጻፈው ዋስትና ጎንበስ ብሎ ሸክሙን ተሸከመ። እንዲህ ያለ አገር ለጊዜው ይቆም ይሆናል፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዎች ወገብ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው።

በአሁኑ ጊዜ አጎቴ ዕቃ የሚገዛው ከዲላ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ሴትዮዋ የምትሸጠው አብዛኛውን ግልባጭ ነው፤ ግልባጭ መሆኑንም ትናገራለች። «ይኼ ኦርጅናል አይደለም፣ ጋሼ፤ ግን ሠሪውን አውቀዋለሁ፤ ካስቸገረህ እኔው ጋ አምጣው» ትላለች። ካርድ አትሰጥም። ግድግዳዋ ላይም ማስታወቂያ የለም። አንድ ጊዜ ያስቸገረ ጓርኒሲዮን መልሶላት፣ ሳትከራከር ለውጣለታለች። ሱቋን ኢንጂነሩም ያውቃታል፣ የኢንጂነሩ ደንበኞችም ያውቋታል፤ ስሟ ከጠፋ የሚጠፋው ገበያዋ ጭምር እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ዕቃ ስትገዛ እውነተኛ ዋጋው የሰፈረበት ደረሰኝ ተቀበል፤ ካርቶኑን አትጣል፤ ፊደሉን አንብብ፤ ፋሻ ከሆነ ጨብጠህ ልቀቀው፣ ድምፁንም ስማው። ሕጉንም ጥቀስ፤ ቁጥር 2287 ከግድግዳ ማስታወቂያ ይበልጣል። ከሁሉ በፊት ግን አያቶቻችን ዳኛ ፊት ይጠየቁት የነበረውን ጥያቄ ሻጩን ጠይቀው፦ ዋሱ ማን ነው? ሰው ካላሳየህና ወረቀት ብቻ ከዘረጋልህ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ቸር ያሰንብተን።